የሐጂ ያሕያ መጋረጃ

ከቆላው የሚወጣው ጉም አሊዩ አምባ ሲደርስ መጀመሪያ የግመሎቹን እግር፣ ቀጥሎ የሐጂ ያሕያን ዳስ ይሸፍናል። ሐጂ ያሕያ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በገበያ ቀን ዘፋኝ ያስቀምጣል፤ ጨርቅ የገዛ ሰው ዳሱ ገብቶ ያዳምጣል። ከአንኮበር እየወረደች የምትዘፍንለት ንጋቷ የምትባል ሴት ነበረች። ዘንድሮ ግን ዑድ የሚሉትን የዓረብ ክራር የምትመታ ዙህራ የምትባል ሴት ከባሕር ማዶ አስመጣ።

«ያንቺን ፊት አገሩ ጠግቦታል» አላት ንጋቷን። «የእሷን ለማየት ከጫጫ ድረስ ይመጣሉ።»

«ይምጡ። ግጥም ሲሰጧትስ ምን ልትል ነው፣ ሐጂ?»

ዘፋኝ አዳማጩ የሰጣትን ስንኝ ተቀብላ ታዜማለች፤ ከዚያ መልኩንና አለባበሱን እያየች ታወድሰዋለች። ዙህራ ደግሞ አማርኛ አታውቅም። ሐጂ አስቦበት ከዙህራ ኋላ ቀይ ሐር ሰቀለና ንጋቷን ከጀርባው አስቀመጣት። ዙህራ ዑዷን እየመታች አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ንጋቷ ትዘፍናለች። ንጋቷ እሺ ያለችው ሌላ የምትዘፍንበት ዳስ ስላልነበራት ነው።

ዳሱ ሞላ። ጉሙ ገብቶ የተቀመጡትን እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው። ድምፁ ከማንም አፍ የሚወጣ አይመስልም ነበር።

«አማርኛዋ የአንኮበር ነው እኮ!» አለ አንዱ።

ከፊት አንድ ሰው ተነሣ፤ ወልደተንሣኤ የሚባል ባለርስት ነው። «ተቀበይ!» አለ።

«ጉሙ ተራራውን አልብሶት ያድራል፤
የሄደ ወንድሜን ማን ፈልጎ ይጠራል?»

ንጋቷ ተቀብላ አዜመችው። ውዳሴው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። የሚታያት ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው። ሰውዬው ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ ሐዘኑ የዛሬ ይሁን የድሮ አታውቅም። ዙህራ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ድምፁ አገሩ ገባ እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቅ ሆነ።

«ጌታዬ» አለች ንጋቷ ከጀርባ፣ «ፊትዎን ሳላይ አላወድስዎትም።»

ዙህራ ቃሉ ባይገባትም ዞራ መጋረጃውን ገለጠችው። ንጋቷ የተላጨውን ራስ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ያየችውን ብቻ፣ ቀስ ብላ ዘፈነችለት። ዑዱ ዘግይቶ ተከተላት።

«ጨርቁን መልሱት!» አለ ሐጂ።

ወልደተንሣኤ እንባውን ጠርጎ የሐሩን ጫፍ ያዘ። «ገዝቼዋለሁ፣ ሐጂ። ለወንድሜ መታሰቢያ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ይሁን።»

ሐጂ ያሕያ ገዢዎቹን ሁሉ አያቸውና ጨርቁን ራሱ አጥፎ ሰጠ። ዙህራ ምንጣፏ ላይ ጠጋ አለች፤ ንጋቷም ከጎኗ ተቀመጠች።