የተጠረገው ግቢ

ወንድሜን ሙዐዊያን በሠርጉ ዋዜማ በመጥረጊያ እንጨት ልፈነክተው ምንም አልቀረኝም። ለድግሱ ትልልቅ ድስት ልዋስ ጀውሃ አክስታችን ዘንድ ሄጄ ስመለስ፣ ከባጃጁ ሳልወርድ ጭሱ ሸተተኝ። ገባሁ። ግቢው ተጠርጎ እንደ አስፋልት ተልጧል፤ ጥጉ ላይ የአመድ ክምር ይጨሳል።

«እዪው እንግዲህ ፈይዛ! አሁን ግቢ መሰለ» አለኝ፣ ወገቡን ይዞ እየሳቀ።

ያቃጠለው የማሾ ገለባዬን ነው። ከየአውድማው እየለመንኩ በራሴ ተሸክሜ ያመጣሁትን! በሸዋ ሮቢት የግንቦት ፀሐይ ያልተሸፈነ አፈር ጧት ቢያጠጡት ቀትር ላይ ዱቄት ነው። ቧንቧው ደግሞ ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚመጣው። እርጥበቱን ይዞ የሚያቆይልኝ ገለባው ነበር።

ሙዐዊያ እንደ ዘበት የተከልኩት መስሎታል። አንድ ችግኝ ሳልተክል በፊት ክረምትና በጋ ቁጭ ብዬ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ነው ያየሁት። ሎሚዋ አባዬ ውዱእ የሚያደርጉበት ድንጋይ ሥር ነች፤ እሳቸው በታጠቡ ቁጥር እሷ ትጠጣለች። ሙዙ የዕቃ እጣቢ የሚደፋበት፣ ፓፓዬው የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት፣ ቃሪያው በእርግብ አተሩ ቁጥቋጦ ጥላ። የጓሮ አትክልት ያሠለጠኑን ልጆች ፐርማካልቸር ይሉታል፤ እኔ ውሃ ባለበት መትከል ነው የምለው። ሎሚዋ ዘንድሮ የመጀመሪያ ፍሬዋን ይዛለች። አሁን ሥሯ ራቁቱን ቀርቶ ቅጠሏ መጠቅለል ጀምሯል።

«ቆሻሻ ነበራ!» አለ። «ሙሽራዬን በገለባ ላይ ላስገባት? የአጣዬ አማቶቼ ምን ይሉኛል?»

«ቆሻሻስ አንተ!»

«ተይ ልጄ፣ ሰብር አድርጊ፤ የሠርግ ቤት ነው» አሉኝ አባዬ።

ወላሂ፣ ሰብር አላደረግሁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የናቀው ገለባውን አይደለም፤ እኔን ነው።

በማግስቱ ሣር የተነጠፈበት ድንኳን በሰው ሞላ። የዙሁር ሶላት ደረሰ። ሙዐዊያ በቦቴ ውሃ አስመጥቶ ለእንግዶቹ ውዱእ የሚሆኑትን ጀሪካኖች ከደጅ፣ መንገዱ ዳር ደርድሯቸዋል። ያ ሁሉ ውሃ ለአስፋልት! ማንንም አላስፈቀድኩም። ጀሪካኖቹን እየጎተትኩ ሎሚዋ፣ ሙዙና ፓፓዬው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ዙሪያቸውን መቀመጫ ድንጋይ ደረደርኩ፤ በሠርግ ቀሚሴ ጎንበስ ብዬ በመቆፈሪያ ቦይ አወጣሁ።

እንግዳው ተራ በተራ እየተቀመጠ ታጠበ፤ አፈሩም ጠጣ። የሙሽራዋ አጎት፣ ጢማቸው የነጣ ሰው፣ እግራቸውን እያጠቡ ውሃው የሚሄድበትን ተመለከቱ።

«ማሻአላህ! ጠብታ የማይባክንበት ቤት። የማን ዘዴ ነው?»

ሙዐዊያ በሙሉ ልብሱ ከተፍ አለ። «አስበንበት ነው አባባ። እኛ ቤት ውሃ አይባክንም።»

እኛ! ደሜ ፈላ። አባዬ በዓይናቸው ለመኑኝ፤ ልተወው አስቤ ነበር፣ አፌ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ያሰብኩትም የተከልኩትም እኔ ነኝ። የእርስዎ ሙሽራ ትናንት አፈሩን ገፎ ገለባውን አቃጠለ። አመዱ ያውና!»

ሙዐዊያ መሬት መሬት አየ። ወደ እሱ ዞርኩ፤ «ድንኳኑ ሲነሳ የተነጠፈውን ሣር ተሸክመህ ሎሚዋን የምታለብሳት አንተ ነህ!» አልኩት።

«ይሸከማል» አሉ ሽማግሌው፣ እግራቸውን እያደራረቁ።

ድንኳኑ የተነሳ ዕለት ሙዐዊያ ሣሩን ሲጎትት ሙሽራዋ ኢክራማ ሌላውን ጫፍ ይዛ መጣች። የገበሬ ልጅ ነች። እሱ ሣሩን ሎሚዋ ላይ ሲከምረው እጁን ያዘችው።

«ግንዱን አታስነካው፤ ያበሰብሰዋል» አለችው። ቀጥላም አመዱን እያየች፣ «እንዲህ ያለውን ገለባ ለምን አቃጠልከው?» አለችው።

«ላንቺ ብዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ መቼ አልኩህ?»

ኢክራማን እዚያው ወደድኳት። እሱን ግን ሎሚዋ ፍሬዋን እስክታደርስ አላናግረውም።