የጠገበ ጎማ ይዘላል

አባዬ ፎቶ አይወድም ነበር። ሰው ካሜራ ሲያወጣ እሱ ሽንት ቤት ይገባል። እኔ ልጁ በካሜራ እንጀራ የምበላ ሰው ሆኜ እንኳ አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። ከቀብሩ በኋላ ዕቃው ሁሉ ተፈትሾ የተገኘው አንድ ፎቶ ነው፤ የመንጃ ፈቃዱ፣ ያውም ግማሽ ፊቱ ላይ ማህተም ያረፈበት።

እናቴ መንጃ ፈቃዱን አየችና መለሰችልኝ።

«ያን ቀን የቀረጻችሁትስ?» አለች። «ጎማችሁን ያበጀላችሁ ቀን። ሲያልፉ እጄን አነሳሁላቸው ብሎኝ ነበር።»

«አለ፣ እማዬ። አመጣልሻለሁ» አልኳት። አፌ ነው ያላት። እኔ ያን ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር፤ እግዜር ያጽናህ ሲሉኝ አሜን እላለሁ፣ ተቀመጥ ሲሉኝ እቀመጣለሁ።

የዚያን ቀን ሥራ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም። አንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ወደ አዲሶቹ ቤቶች የሚወስደውን መንገድ ከመኪና ላይ እንድንቀርጽለት ፈለገ። ምስሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይምሰል አሉን። መንገዱ ደግሞ ወንፊት ነው! ሹፌራችንን ቅቤ የምንለው አነዳዱ ስለሚለሰልስ ነው፤ እሱም ቢሆን በዚያ ሁሉ ጉድጓድ ላይ ተአምር አይሠራም። ካሜራውን ኮፈኑ ላይ አጣብቄ፣ በሦስት ገመድ ወጥሬ ሞከርነው። ምስሉ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። የአባዬ ጎሚስታ ቤት እዚያው መንገድ ላይ ስለነበር ወደ እሱ ሄድን።

ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«የጠገበ ጎማ ይዘላል፤ እንደ ሰው ነው» አለ። ከአራቱም ንፋስ ቀነሰልን። «አንተ ቅቤ፣ ከሁለተኛ ማርሽ እንዳትወጣ። ፍሬንም አትንካ። ስትጨርሱ ኑ፣ እሞላላችኋለሁ።»

እንዳለው አደረግን፣ ምስሉም ረጋ። ሱቁ ጋ ልንደርስ ስንል አባዬ የንፋስ ቱቦውን እንደያዘ በቀኝ በኩል ብቅ አለና እጁን አነሳ። በትንሿ ስክሪን አየሁት። «ዛሬስ አልሸሸም» አልኩት ቅቤን። ቅቤ ሳቀና መንዳቱን ቀጠለ። ስንጨርስ ሌላ ሥራ ተጠራን፣ ጎማውንም ማደያ አስሞላነው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አባዬ ሱቁ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ።

እናቴ በጠየቀችኝ ማግስት ቢሮ ገብቼ ቪዲዮውን ከፈትኩት። እንደ ውሃ ይፈሳል። የሱቁ በር መጣ፣ የተደረደሩት ጎማዎች መጡ፣ አለፉ። አባዬ የለም።

ወዲያው ገባኝ። ኮምፒውተር የሚንቀጠቀጥ ምስል ሲያለሰልስ ዳር ዳሩን ይቆርጣል፤ ይበልጥ አለስልስ ባልከው ቁጥር ይበልጥ ይቆርጣል። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው። የረጋውን ምስል ደግሞ ይበልጥ ይርጋ ብዬ ማለስለሻውን እስከ መጨረሻው የጎተትኩት እኔ ነኝ። ደንበኛው ሥራውን ሲቀበል ሸካራውን፣ ያልተነካካውን የመጀመሪያ ቀረጻ፣ ማጥፋት የቢሯችን ደንብ ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ቅቤ የካሜራውን ካርዶች አንድ በአንድ አየ። በሁሉም ላይ ሌላ ሥራ ተቀርጾባቸዋል።

«የፈሰሰ ውሃ ነው» አለና አጠገቤ ተቀመጠ።

ትንሽ መንቀጥቀጥ ብተውለት ኖሮ አባዬ ይታይ ነበር ብዬ አሰብኩ። አላለቀስኩም። ሐሳቡ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ሱቁ የሚያልፍበትን ቦታ ምስል በምስል እየገፋሁ ማየት ጀመርኩ፣ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ። እጁን አገኘሁት። ከቀኙ ጠርዝ፣ ከአንጓው ወዲህ፣ ቱቦውን እንደያዘ። አንድ ሰከንድ አይሞላም።

ላፕቶፑን ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መነጽሯን አደረገች። ቪዲዮውን እጁ ላይ አቆምኩላት።

«ያለው ይሄ ብቻ ነው፣ እማዬ። ሌላውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

አልተቆጣችም። ድሮ የጎማ ብረት፣ ቸርኬ፣ የጨፈለቀውን፣ ጫፉ የተጣመመውን ጣቱን ስክሪኑ ላይ ነካችው።

«ጓንት አድርግ ብለው፣ ብለው…» አለች። «እስቲ ልቀቀው።»

ለቀቅኩት። እጁ ከፍ አለና በጠርዙ ወጣ።

«የት ሄደ?»

«እሱማ እዚያው ነው። እኛ ነን አልፈነው የሄድነው።»

«ቆም ብላችሁ ብታናግሩት ምን ነበር?»

«ከቆምን ቀረጻው ይበላሻል» አልኳት። ይህን ስናገር የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ መሰለኝ።

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ዓይኗ እጁ በወጣበት ጠርዝ ላይ ነበር።

«ቀስ አድርገህ መልሰው» አለች።

መለስኩት።