ጀርባቸውን የሰጡን ልጆች

ልጄ ታምፉ አድማ በታኝ ፖሊስ ነበር። ቤቴን ቆርቆሮ ያለበሰው፣ ታናናሾቹን ያስተማረው በዚያ ደመወዝ ነው። የሰልፉ ቀን ጠዋት ፉፉውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በጎመን እየጠቀለለ ሲበላ ቆየና፣

"እማ፣ ዛሬ ከገበያ እንዳትወጪ። ወደ ድልድዩ ድርሽ እንዳትዪ" አለኝ።

"አንተ ነህ ደግሞ እኔን የምታዘው?"

"እኔ ሳልሆን ኮሚሽነሩ ነው።"

"ኮሚሽነሩን እኔ አልወለድኩት" አልኩት። ሳቀና ቆቡን ደፍቶ ወጣ።

ኮሚሽነሩ በቅርቡ ከዋና ከተማው ከያውንዴ የመጣ ሰው ነው። ቋንቋችንን አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም። እኛ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ካየን ወራት አልፎን፣ አቤት ብንል ሰሚ አጥተን፣ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ መዝፈን ብቻ ነበር። ከዚያ አስለቃሽ ጭስ ተኮሱብን። ገበያው ተተራመሰ፣ ቲማቲሜ በሰው እግር ተጨፈለቀ፣ ዓይናችን እንደ በርበሬ ቀላ።

ጭሱ ሳይጠራ የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሾፌር ፓ ንዴ በእግሩ እየሮጠ መጣ። ሸሚዙ በደም ተነክሯል።

"እናቶቼ፣ አቺሪ ልብስ ሰፊው ጭንቅላቱን በአስለቃሽ ጭሱ ቆርቆሮ ተመቶ መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ወደ ሆስፒታሉ ልሻገር ብል ድልድዩን አላሳልፍ አሉኝ። ሳይረን ነፋሁ፣ ለመንኩ፣ ተንበረከክሁ። ኮሚሽነሩ 'ማንም አያልፍም' ብሎ ድርቅ አለ። ደሙ አልቆም ብሏል።"

"ታዲያ እኛ ሐኪም ነን?" አለችው ማ አክዌን። ከልጅነት እስከ እርጅና አብሬያት ኖሬ አንድ ቀን ደግ ቃል ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም።

"ምን እንደሆናችሁማ ራሳችሁ ታውቃላችሁ" አላት።

እናውቃለን። በእኛ አገር መውለድ ያቆሙ ሴቶች የመጨረሻው ነገር ሲመጣ ሣር በአፋቸው ይዘው፣ የንኬንግ ቅጠል ጨብጠው ይወጣሉ። ቅጠሉን የያዘ ሰው አይመታም። ሣሩ በአፋችን እስካለ ቃል አንተነፍስም፤ ሣሩ ከወደቀ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። እንቢ ከተባልን ሽርጣችንን እንፈታለን። የእናቶቹን ገላ ዓይኑ እያየ የቆመ ወንድ ዘሩ ይደርቃል፣ ሕይወቱ ይበላሻል። ይህንን የአገራችን ወንድ ሁሉ ገና ጡት ሳይጥል ጀምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ጀርባውን ይሰጠናል። ማንም አይቀልድበትም።

"ታምፉ እዚያ ነው" አልኳት ማ አክዌንን።

"የእህቴም ልጅ እዚያ ነው። አቺሪስ ከሰማይ ነው የወረደው? እናት የለውም? ሣርሽን ያዢ!"

ሄድን፤ ፓ ንዴ ቀድሞን ወደ መኪናው ሮጠ። ሰልፈኛው መንገድ ለቀቀልን፤ ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አምቡላንሱ የኋላ በሩ ተከፍቶ ቆሟል፤ የአቺሪ አንድ እግር ጫማ የለውም። ፖሊሶቹ ጠመንጃ ይዘው ድልድዩን ዘግተዋል። ልጄ መካከላቸው ነው። ኮሚሽነሩ ከኋላቸው፣ የድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆሟል።

"እነዚህን አሮጊቶች ማን ላካቸው?" ብሎ ጮኸ። "አነጣጥሩ! ፊቱን ያዞረ ወዮለት! ዛሬውኑ ሥራውን ያጣል፣ እስር ቤት ይበሰብሳል!"

ጠመንጃዎቹ ወደ እኛ ተቀሰሩ። የታምፉም ጭምር።

እናት ነኝ። "ዙር ልጄ፣ ዙር!" ብዬ መጮህ ፈለግሁ፤ ሣሩ አፌን ይዞኛል። ቢዞር ያን ሁሉ የለፋበትን እንጀራውን ያጣል። ባይዞር ደግሞ የገዛ ልጄን ሕይወት የማበላሸው እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። ጎኔ የቆመችው ማ አክዌን ሽርጧን ፈታ ጨርሳለች፤ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔ ቋጠሮው እንደጠበቀብኝ ሰው ጣቴን አንቀረፈፍሁ። ጊዜ ልስጠው ብዬ ነው። ታምፉ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሕፃን ሆኖ ስኳር ሲሰርቅ የያዝኩት ጊዜ እንደዚሁ ነበር ያየኝ።

ቋጠሮውን ፈታሁት።

መጀመሪያ የዞረው ታምፉ ነው። ቀጥሎ ከጎኑ ያለው፣ ከዚያም ሁሉም፣ የማ አክዌን የእህት ልጅ ጭምር። ጠመንጃ አውርዱ ያላቸው ሰው ስላልነበረ እንዳነጣጠሩ ዞሩ። ከኋላቸው የቆመው ኮሚሽነር ብቻውን ከአፈሙዙ ሁሉ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። አንዳቸውም ይህን አላሰቡትም፤ ታምፉ በኋላ እንደነገረኝ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ኮሚሽነሩ ግን ይህን በምን ይወቅ? ማጉያው ከእጁ ወደቀ። ወደ ድልድዩ ጥግ ተለጠፈ። ፓ ንዴ ፈቃድ አልጠበቀም፤ ዓይኑን ከእኛ መልሶ፣ ሞተሩን አስነስቶ በጎናቸው አለፈ።

አቺሪ ተረፈ። አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ቀሚሴን አጥብበህ ሰፋኸው ብዬ ስቆጣው የማይሰማውን ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ይቀመጣል።

ልጆቻችን ግን በዚያው ምሽት ተጭነው ተወሰዱ። አለቃቸው ላይ መሣሪያ አዙረዋል ተባለ። ያውንዴ ድረስ ሄደን፣ "ከእኛ ከእናቶቻቸው ገላ ዓይናቸውን መለሱ እንጂ በማንም ላይ ምንም አላነሱም" ብለን ለመንን። ጸሐፊው ሳቀብን። ለአቺሪ ያደረግሁት አይጸጽተኝም፤ ልጄን ግን እኔ አሳሰርኩት እያልኩ አንጀቴ ሲቃጠል ከረመ።

በዝናቡ ወቅት አንድ ቀን ግቢ ቁጭ ብዬ በቆሎ ስፈለፍል በሩ ተንቋቋ። ቀና አልኩ። የሰው ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ።

"እማ፣ ለብሰሻል?" አለኝ።

ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። በቆሎው ከጭኔ ተበተነ።

"ለብሻለሁ ልጄ" አልኩት። "ዙር።"