ላብ ያጠመቀው ለታ

የባየህ ወንድም እንግዳው ከይፋግ የተኮናተረውን ባጃጅ ወረታ ሐኪም ቤት በር ላይ አቁሞ ገባና የበሽተኛ ወንድሙን ግንባር ዳበሰ። ቀዝቅዟል፤ ላብ አጥምቆታል።

«ትኩሳቱማ ለቆታል! ተነሥ፣ ወደ ቤት።»

ፎገራ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ወባ የያዘው ሰው ሲነድ ውሎ ላብ ካጠመቀው ተሻለው ይባላል። የባየህ ሚስት ገላነሽም ተታልላበታለች። ባየህ ሩዝ ሲያጭድ ማጭድ ቁርጭምጭሚቱን ጫረው፤ እግሩ አበጠ፣ ገላው ነደደ። በአራተኛው ቀን ሲበርድ እልል አለች። ወዲያው መቃዠት ጀመረ።

«አይነሣም» አለች፣ ከአልጋው ጠርዝ ሳትነቃነቅ።

«ቁስሉ ደርቋል እኮ! ኩላሊቱ ተጎዳ ካሉም የጎዳው የእነዚህ ሐኪሞች መድኃኒት ነው። እግርና ኩላሊት ምን አገናኛቸው?»

ነርሷ ፀደይ ጉሉኮሱን እያስተካከለች፣ «ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል» አለች። «ሰውነት ጀርም የሚዋጋለት ዘብ አለው። የእሱ ዘብ ልጓሙን በጥሶ የገዛ ሰውነቱን እየመታ ነው። የደም ሥሩ ላልቷል፣ ግፊቱ ወርዷል፣ ኩላሊቱ ደም አጥቷል። ብርዱ መዳን አይደለም።»

«የገዛ ዘቡ ይገድለዋል? ተረት!»

ገላነሽ አፈጠጠችበት። «የጎረቤታችን የእንዳልካቸው የሩዝ ክምር የተቃጠለ ለታ ረሳኸው? እሳቱ የበላው የአንዱን ክምር ጫፍ ነው። እናጥፋ ብላችሁ ሌላ አራት ክምር የረገጣችሁት እናንተ ናችሁ። አንተማ በመንሽ ስትበትን እኔው አይቼሃለሁ!»

«ምላስሽ ይቆረጥ! ቢሞት ደሙ በራስሽ ነው።»

«ይሁን።» የሽንቱን ከረጢት ከአልጋው ሥር አነሣች። ከጥዋት ጀምሮ የጠብታ ምልክት ብቻ። «ኩላሊቱ ሠርቶ ይህ ሲሞላ ትወስደዋለህ።»

እንግዳው የወንድሙን ክንድ ያዘ። ገላነሽ መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ ከአልጋው ብረት፣ ሌላውን ከእጇ አሰረች።

«ውሰድ በል። እኔንም አልጋውንም። ባጃጅህ ከቻለ!»

በክፍሉ የተኙት በሽተኞች ሳቁ። እንግዳው በሩን በርግዶ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ጋቢ ይዞ ነበር፤ ለመገነዣ ይሁን ለመልበሻ አልተናገረም። ገላነሽ ከረጢቱን ብቻ አፍንጫው ድረስ አቀረበችለት። ጠላ የመሰለ ሽንት ግማሽ ደርሷል።

«ና፣ ያዘው» አለችው። «ይሞቃል።»

አልያዘም፤ ጋቢውን ግን ወንድሙ ላይ ደረበለት።