የጥልቁ ንጉሥ ምን አለ

ሩሐማ በአፏ ዝምተኛ፣ በብዕሯ ግን ወሬኛ ነበረች። ጋምቤላ በመምህርነት ከተመደበች አምስት ወር ሆኗታል፤ በእነዚህ ወራት ለባልደረቦቿ ከ«እንዴት አደራችሁ» ያለፈ ብዙም አልተናገረችም። አዲስ አበባ ላለችው አብሮ አደጓ ለቤርሳቤ ግን በየሳምንቱ አራት ገጽ ደብዳቤ ትጽፋለች። ጣጣውም የመጣው ከአራተኛው ገጽ ነው። ሦስቱን በእውነት ሞልታ፣ አራተኛው ባዶ እንዳይቀር ስትል ውሸት ጨመረችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ልጆች ሳሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ «የጥልቁ ንጉሥ» የሚባል ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ፊቱን አመድ የተቀባ ረጅም ንጉሥ ከወንዝ ሥር ይወጣና የድንጋይ ዙፋኑ ላይ ቆሞ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ይደግማል፤ «ኬች ነካ ኬች»። ያኔ ውሃው ለሁለት ይከፈላል። በሰፈሩ ይህን ድግምት ያላለ ልጅ አልነበረም። ቤርሳቤ የእናቷን ቁም ሣጥን ለማስከፈት ትጮኸው ነበር። ሩሐማ ፈተና ልትገባ ስትል በሆዷ ብቻ ትለዋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንኳ አልተወችውም።

ድራማው የተቀረጸው ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር መሆኑን የሰሙት ሩሐማ የምድብ ዕጣ ካወጣች በኋላ ነው። ስለዚህ ሩሐማ ጻፈች፤ «ቦታዎቹን ሁሉ አየኋቸው። ንጉሡንም አገኘሁት። ሰላም አለኝ፤ ስሜንም ያውቃል።»

አንዱንም አላየችም። ለማየት ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሰው ለመጠየቅ ደግሞ አፍ መክፈት።

ሐሙስ ዕለት የቴሌግራም ወረቀት ደረሳት። «ቅዳሜ በአውሮፕላን እመጣለሁ። ለንጉሡ ንገሪው። ቤርሳቤ።»

ዓርብ ጠዋት ሩሐማ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ሦስት ጊዜ ቆማ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በአራተኛው ገባች። የስፖርት መምህሩ ኦጁሉ፣ የዚያው የጋምቤላ ልጅ፣ ብቻውን ተቀምጦ ኳስ ይነፋል።

«መምህር ኦጁሉ...»

«አንቺ ትናገሪያለሽ እንዴ? እኛ እኮ ጉሮሮሽን ያመሻል ብለን ነበር።»

ፊቷ ቀላ፤ ቢሆንም ሁሉንም ነገረችው፤ ድራማውን፣ ደብዳቤውን፣ ቴሌግራሙን።

«ንጉሡ ምን ነበር የሚለው?» አላት።

በሹክሹክታ ነገረችው። ኦጁሉ ኳሱን መንፋት አቆመ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ኦጁሉ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ምን ማለት ነው?»

«ቃሉን አበላሽታችሁታል፤ ግን ገብቶኛል። እኔ ብነግርሽ አጎቴ አይምረኝም።»

«አጎትህ ማን ነው?»

«ንጉሡ ነዋ። ኦቻንግ። አሁን በታንኳ ሰው ያሻግራል።»

ድራማው መጀመሪያ ሲታይ ጋምቤላ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው አልነበረም። ክልል ከሆነች በኋላ ግን ለስብሰባ አዳራሹ አንድ መጣለት፤ ድራማውም እንደገና መታየት ጀመረ። ኦቻንግ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሚስቱን ይዞ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ድግምቱን ሲያሰማ ደገኞቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ቋንቋው የገባቸው አኙዋኮች ግን ከየአግዳሚው እየወደቁ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ያነሳ ሰው ኦቻንግ ታንኳ ላይ አይሳፈርም።

«ስለዚህ እሱ ፊት እንዳትይው» አላት ኦጁሉ። «እንደሚያውቅሽ መጻፍሽንም አትንገሪው። ለኔም ባትነግሪኝ ይሻል ነበር።»

ቅዳሜ ቤርሳቤ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ሩሐማና ኦጁሉ ዓርብ ማታ ተማክረው ሁሉን አዘጋጅተዋል። ኦጁሉ ዕቃ ተሸካሚ መስሎ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ድራማው የተቀረጸበት ቦታ ላይ ሲደርስ ለምልክት «ኡህ ኡህ» ብሎ ይስላል። ሩሐማ ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ «ይኸውልሽ» ትላለች።

ድልድዩ ላይ «ኡህ ኡህ» አለ፤ ንጉሡ ሠራዊቱን ያሻገረበት የሰማይ ድልድይ ነበር። አሮጌው የወደብ መጋዘን ጋ «ኡህ ኡህ» አለ፤ ቤተ መንግሥቱ ነው።

«ፍየል አለበት እኮ» አለች ቤርሳቤ።

«ንጉሡ ከለቀቀ ቆይቷል» አለ ኦጁሉ ዞር ሳይል።

ከዚያ አንድ የጭነት መኪና አልፎ አቧራውን ሲያለብሳቸው ኦጁሉን የምር ሳል ያዘው። ሩሐማ ሳታስብ እጇን ዘረጋች። ፊት ለፊቷ ያለው ጎማ የሚጠገንበት ጎሚስታ ነው።

«ይኸውልሽ» አለች፤ ድምጿ እየከሰመ። «የ... የአስማተኛው ቤት።»

ቤርሳቤ ጎሚስታውን ከፊትም ከጎንም አነሳችው። ባለቤቱም ሸሚዙን ቆልፎ አብሮ ተነሳ።

ባሮ በጥር ጎድሎ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። ትልቁ፣ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነው፣ ዙፋኑ መሆኑን ለማወቅ ሳል አላስፈለገም። ከድንጋዩ አጠገብ ረጅም ሽማግሌ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ኦጁሉ ቀድሞ ሊያናግረው ተራመደ፤ ቤርሳቤ ግን ቀደመችው። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ቁም ሣጥን በምታስከፍትበት ድምፅ ጮኸች።

«ኬች ነካ ኬች!»

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ሽማግሌው መረቡን ጠቅልሎ ተነሳና ታንኳውን ወደ ውሃ መግፋት ጀመረ።

«አለቀ» አለ ኦጁሉ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?» አለች ቤርሳቤ። «እኔ እኮ የሩሐማ ጓደኛ ነኝ። ሩሐማን ያውቋት የለ?»

ኦቻንግ ቀና ብሎ ሩሐማን አያት። ሩሐማ መሬቱን አየች።

«አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ዝም የምትለው ልጅ። ማታ ማታ ድልድይ ላይ ቆማ ውሃ ታያለች። እኔ ከታች አልፋለሁ። ምንም አትልም።»

ሩሐማ ቀና አለች። እውነቱን ነበር። ታንኳ ከሥሯ ሲያልፍ ስንት ቀን አይታለች፤ ቀዛፊውን ግን ልብ ብላ አላየችውም።

ቤርሳቤ ፈገግ አለች። «ስሟንስ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ወደ ኦጁሉ ዞረ። ኦጁሉ ሳለ፤ የሚረዳ ሳል ግን አልነበረም።

«አያውቁም» አለች ሩሐማ። አጣቢዎቹ እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብላ ነው ያለችው። «ስሜን አያውቁም። ሰላምም ተባብለን አናውቅም። ቤርሲ፣ ዋሽቼሽ ነው። ቦታዎቹንም ዛሬ ካንቺ ጋር ነው ያየኋቸው። ጎሚስታውም ጎሚስታ ነው።»

«እሱን ጠርጥሬ ነበር» አለች ቤርሳቤ። «ሌላውንም አውቃለሁ። አንቺ የማታውቂውን ሰው ስታናግሪ መቼ አይቼሽ አውቃለሁ? ለመሆኑ ንጉሡ ነው ብለሽ ማንን ታሳዪኝ ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ኦቻንግ ታንኳውን ለቀቀ። ወደ ሩሐማ መጣ።

«ደብዳቤው ምን ይላል?»

«ንጉሡ ሰላም አለኝ ይላል። ስሜንም ያውቃል ይላል።»

«ሰላም ነሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስምሽ ማን ነው?»

«ሩሐማ።»

«ሩሐማ» አለ። ወደ ቤርሳቤ ዞረ። «ደብዳቤው ልክ ነው።»

ሩሐማ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃታት። «አባባ፣ እኔ ያንን ቃል ፈተና ስገባ ነበር የምለው። ሁሉንም አልፌበታለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

«አልፈሽበታል?» ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ የፊት ጥርስ አልነበረውም። ድንጋዩን ተደግፎ ነገራቸው። «ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ውስጥ አቆሙኝ። አመድ ቀቡኝ። ምሳ የለም። ድራማውን የሚያሠራው ሰውዬ 'በቋንቋህ የሚያስፈራ ነገር ተናገር' አለ። እኔን ያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። 'ርቦኛል፣ ምሳዬ የታለ' አልኩ። ሰውየው 'በጣም ጥሩ፣ ድገመው' አለ። አምስት ጊዜ ደገምኩ። ውሃው አልተከፈለም። ምሳም አልመጣም።»

ኦጁሉ ጀርባውን ሰጥቷቸው ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ኦቻንግ ቃሉን አስተካክሎ፣ እንደሚባለው አድርጎ ለሩሐማ አስጠናት። ከዚያ ድንጋዩን አሳያት። «ላይ ውጪና ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤቴ ዞረሽ በዪው።»

«አዞስ?»

«ቅዳሜ አይመጣም።»

ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። መጀመሪያ ስትለው ራሷም በደንብ አልሰማችውም። ኦቻንግ በእጁ «ከፍ አድርጊው» አላት። ሁለተኛውን ጮኸችው፤ ድምፁ እስከ ወዲያኛው ዳር ሄዶ ተመለሰ።

ከዳገቱ ጎጆ የሴት ቁጣ መለሰላት።

«አሪየት ናት፣ ሚስቱ» አለ ኦጁሉ። «'እጄ ሁለት ነው፣ ይጠብቅ' ትላለች።»

ጥቂት ቆይቶ አሪየት፣ አጠር ያለች ኮስተር ያለች ሴት፣ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ የሞላበት ትልቅ ሳህን ይዛ ወረደች። ድንጋይ ላይ የቆመችውን ሩሐማን አይታ በአኙዋክኛ የሆነ ነገር አለች፤ ኦጁሉ ግን ሊተረጉመው አልፈለገም። ቤርሳቤ ካሜራዋን አነሳች፤ ተጫነችው፤ አገላበጠችው። ፊልሙ ጎሚስታው ላይ አልቋል።

ኦቻንግ ሳህኑን መሃላቸው አስቀመጠና የዓሣውን ትልቁን ቁራሽ ለሩሐማ አቀረበላት።

«ይሠራል» አለ። «ምሳው አሥራ ሦስት ዓመት ዘገየ እንጂ።»