የተዝካሩ አተላ

ዘመናትን በእጁ የያዘ፣ በልብ የተሰወረውንም ያለ ነጋሪ የሚያውቅ እግዚአብሔር፣ በሰቆጣ ዙሪያ በአንዲት ሴት ቤት የሆነውን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

መንግሥቴ ከማረፉ በፊት በጓሮው የባዮጋዝ ጉድጓድ ሠርቶ ነበር። ከመስኖ እርሻው የተረፈውን የማሽላ አገዳና የቲማቲም ሐረግ ከትፎ፣ ከእበትና ከውኃ ጋር በእጁ አሽቶ ወደ ውስጥ ይጨምረው፣ ጋዙም በቱቦ ወደ ምድጃው ይመጣ ነበር። በሞተ ጊዜ ሚስቱ ዓይናዲስ አላለቀሰችም፤ ሰውም አማት። እርስዋ ግን በየጠዋቱ ጉድጓዱን ታበላ፣ እሳቱንም ትለኩስ ነበር። የእርሱ ድካም ገና ሲነድ ከማየት በቀር የምትሻው አልነበራትም።

አርባው ደረሰ፤ ተዝካሩም ወጣ። ከጠላው ጋኖች የቀረውን አተላ ላሞቹ በልተው ጠገቡ፤ ብዙ ተረፈ።

ጎረቤቷ ይመኙሻል፣ «ላም የምትወደውን ጉድጓዱ ይጠላል? የመንግሥቴ ልጅ ነው፤ እርሱም ከተዝካሩ ይቅመስ እንጂ!» አለች።

ዓይናዲስም «እንግዲያው ይቅመስ» አለች፤ ሁሉንም ወደ ጉድጓዱ ገለበጡት።

በሳምንቱ እሳቱ ጠፋ። እንዳለው የሚባለው የሟቹ ታላቅ ወንድም መጥቶ ክዳኑን ከፈተ፤ አሸተተ።

«ኮምጥጧል፤ ምን አጠጣችሁት?»

«አተላ፣ አያ እንዳለው» አለች ዓይናዲስ።

«አስክራችሁ ገደላችሁታ!» ብሎ ሳቀ። እርስዋ አልሳቀችም።

ኮምጣጣውን እንዲያበርደው አመድ በትነው ጠበቁ፤ እሳቱ ግን አልተመለሰም።

«ተዝቆ ይውጣ፣ እቴ። በአዲስ እበት እንጀምራለን።»

«ከሥር ያለውን እኮ በእጁ ያሸው እርሱ ነው።»

እንዳለው ባልዲ አምጥቶ አጠገቧ አኖረ። «ካልወጣ አይነድም» አላት።

ብዙ ቆመች። ከዚያ ባልዲውን አንሥታ ትቀዳ ጀመር፤ እየቀዳችም በማሽላው ማሳ ዳር አፈሰሰችው። ዐይኗ ደረቅ ነበር። ጎረቤቶች እበት አመጡ፤ እርስዋም አገዳ ከትፋ፣ በገዛ እጇ አሽታ ጨመረች።

ሳምንታት አልፈው ቱቦው ሲተነፍስ ክብሪት ጫረች። ሰማያዊ ነበልባል ቆመ። ይመኙሻል እልል አለች። ዓይናዲስ እሳቱን አየችው፤ የእርሱ አልነበረም። ደስታም ኀዘንም አልመጣላትም። ሰዓቱ የራት ነበርና ድስቱን ጣደች።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ልዑል አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ከማዕዳችሁ ሰው አያጉድል፤ ያጎደለበትንም ቤት እርሱ ራሱ ገብቶ ይሙላው። አሜን።