በሁለት ሰው ያልተነበበው

ቃሊቲ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ «የደቡብ በር» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበር። ማተሚያ ቤቱም ቢሮውም አንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ናቸው። ማሽኑ ሲነሳ የአራሚዎቹ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል።

አራሚዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቀናውና ሥርጉት። ሃያ አንድ ዓመት አብረው አንብበዋል። ሥርጉት ጋዜጠኛው የጻፈውን ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ቀናው የተተየበውን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ይከተላል። ነጥቡም ሰረዙም በቃል ይጠራል። የሞት ማስታወቂያ ሲመጣ ሥርጉት ዕንባዋን እየጠረገች፣ «ባለቤታቸውን ነጠላ ሰረዝ አምስት ልጆቻቸውን ነጠላ ሰረዝ ጥለው አረፉ አራት ነጥብ» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሰባኪው ትንፋሽ ሲወስድ በልቧ አራት ነጥብ እንደምታደርግለት አንድ ቀን ነገረችው። ቀናው እየሳቀ እሱም እንደሚያደርገው ነገራት።

ሥርጉት ባሏ ሞቶባታል። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ ልጇ ገና ተማሪ ናት። የቀናው ሚስት አሰጋሽ በዓል በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምታነሳው የሥርጉትን ድርሻ ነው። ቤተ ዘመድ ሆነዋል ማለት ይቻላል።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት የወረቀት ዋጋ ናረ፤ ማስታወቂያ ደግሞ ጠፋ። ጋዜጣው ከአሥራ ስድስት ገጽ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ሀብተሚካኤል የመሥራቹ ልጅ ነው፤ ፊደል የለየው በዚሁ ቤት በተጣለ ወረቀት ላይ ነው፤ ያስለየውም ቀናው። አሁን የሠራተኛ ማኅበሩን ጠርቶ የኅብረት ስምምነቱ ይከለስ አለ። ካልተከለሰ ጋዜጣው መስከረምን አያይም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቀናው ነበር። ሦስት ሳምንት ተደራደሩ። የሠራተኛው ሰርቪስ ቀረ። አታሚዎቹ በቀለሙ ሽታ ምክንያት በየቀኑ የሚሰጣቸው ወተት ቀረ። ሳይስማሙበት የቆየው አንቀጽ ሃያ ሦስት ነው። «የጋዜጣው ገጽ ከመታተሙ በፊት በሁለት አራሚ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ፣ ይታረማል» ይላል። ሀብተሚካኤል አንድ አራሚ ይበቃል አለ። አንድ ከሆነ የምትወጣው ሥርጉት ናት፤ ከቀናው በአራት ወር ዘግይታ ነው የተቀጠረችው።

ነገሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ሠላሳ አንድ ሠራተኛ ከወረቀቱ ጥቅል መሀል ተሰበሰበ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ሥርጉት ነበረች።

«ሠላሳ ቤት ከሚዘጋ አንዷ ቤቷ ትግባ» አለች።

ሌላው አንገቱን ደፍቶ እጁን አወጣ። ቀናው እጅ ቆጠረ እንጂ የራሱን አላወጣም። ሊቀ መንበር ድምፅ የሚሰጠው ሲተካከል ነው ብሎ ተደበቀ። ማታ ለአሰጋሽ ሲነግራት እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

የፊርማው ቀን ሐሙስ ሆነ። በአሠሪው በኩል ሀብተሚካኤልና ጠበቃው፣ በማኅበሩ በኩል ቀናውና የአታሚዎቹ ተወካይ መገርሳ ተቀመጡ። ጸሐፊዋ አስቴር የተተየበውን ስምምነት አራት ኮፒ አድርጋ አስቀምጣ ወጣች።

«እንግዲህ ጋሼ፣ እንፈርማ» አለ ሀብተሚካኤል።

«በሁለት ሰው አልተነበበም» አለ ቀናው።

«አይ ጋሼ! እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጠበቃውም አንብበውታል።»

«እኔም አንብቤያለሁ» አለ መገርሳ። «ደግሜ ግን አላነብም። ወተቴ የተቀበረበት ወረቀት ነው።»

ቀናው በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሀብተሚካኤልን አንቱ ነበር የሚለው። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚህ ቤት በሁለት ሰው ሳይነበብ የወጣ ወረቀት የለም። አባትዎ ኑዛዜያቸውን እንኳ እኛ ነን ያነበብንላቸው። ሁለት ስህተት አግኝተንበታል።»

ሀብተሚካኤል ሳቀ። «መሬቱን ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤት የሰጠበት ነው አንዱ?»

«እሱማ ስህተት አልነበረም፤ ያኔ ተናደውብህ ነበር» አለ ቀናው፣ አንቱታውን ረስቶ።

ሥርጉት ተጠራች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባችና ለሁሉም እጅ ነሳች። «ሀብቴ፣ ከስተሃል» አለችው። ከቀናው ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠች። በእጅ የተጻፈው የድርድሩ ቃለ ጉባኤ ተሰጣት። ቀናው የተተየበውን ያዘ።

ማንበብ ጀመረች። ጠበቃው መጀመሪያ ላይ ሰረዙና ነጥቡ ሲጠራ ፈገግ አለ፤ ቆይቶ ሰለቸው። ሁለቱ ግን የት እንዳሉ ረሱ። የእሷ ድምፅ ይወርዳል፣ የእሱ እስክሪብቶ ይከተላል። አንድ ቦታ ቀናውን ሲያስለው ቆማ ጠበቀችው። ሌላ ቦታ ትንፋሽ ስትወስድ እሱ ገጽ ገለጠ። ለሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ነበሩ።

«አንቀጽ ሃያ ሁለት አራት ነጥብ የሠራተኛ ሰርቪስ ለስምምነቱ ዘመን ቀርቷል አራት ነጥብ።»

«እሺ።»

«አንቀጽ ሃያ ሦስት አራት ነጥብ የጋዜጣው ገጽ ከመታተሙ በፊት በአንድ አራሚ ይታረማል አራት ነጥብ።»

ድምጿ አልተለወጠም። የቀናው እስክሪብቶም አልቆመም። «በሁለት» የሚለውን ሰረዘ፤ «አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ» የሚለውንም ሰረዘ፤ ጎን ላይ «በአንድ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ እጁን አየው።

አስቴር አዲሱን ስምምነት የተየበችው በአሮጌው ላይ ነበር። ሌላውን ሁሉ ለውጣ ይህን ዘልላዋለች። ወረቀቱ እንዳለ ቢፈረም ኖሮ በስምምነቱ ዘመን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሥርጉትን ከወንበሯ የሚያነሳት አይኖርም ነበር። ማንም አላየውም ነበር። ያየው እሱ ነው፤ የሰረዘውም እሱ። ፊቱ ላይ ደም መጣ።

ሥርጉት በመነጽሯ ላይ አሻግራ ቀዩን ቀለም አየች። ነገሩ ገባት። «አገኘህ?» አለችው። ስህተት ባገኘ ቁጥር እንዲህ ነበር የምትጠይቀው።

«አገኘሁ» አለ።

መገርሳ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ አየና ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሽ ቀናው! ምነው ምላስህን፣ ማለቴ እጅህን ቆርጦት ቢሆን! ከሰማይ የወደቀልንን መና አንስተህ መልሰህ ለሰጪው?»

«እጄ ቀደመኝ» አለ ቀናው።

«እግዜር ራሱ ቢተይበው ታርመዋለህ አንተ!»

ጠበቃው የራሱን ኮፒ ገልጦ ከንፈሩን ነከሰ። ሀብተሚካኤልም የራሱን ገለጠ። አንዴ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት» አለ ቀስ ብሎ።

«ብቻህን» አለች ሥርጉት።

«ብቻዬን።»

«እርስዎስ?» አለች ወደ ጠበቃው ዞራ።

«እኔም ብቻዬን ነው» አለ ጠበቃው። ደስ አላለውም።

ቀናው ሦስት ሳምንት ያጣው ቃል አሁን ከፊቱ ተቀምጦ ታየው። ሁለት ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ሲያስረዳ የድሮ ወግ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ማስረዳት ቀረ። ግን በዝምታው ብቻ ሥርጉትን ሊያስቀር ይችል እንደነበር ስለገባው ክርክሩን ራሱ መጀመር አፈረ። ለመገርሳ በዓይኑ ምልክት ሰጠው።

መገርሳ ድርድር የሚወድ ሰው ነበር። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዘንድሮ ስንት የውጭ ደንበኛ ሥራ በስህተት ምክንያት ደግመን አተምን?»

ሀብተሚካኤል ወደ ጠበቃው ዞረ።

«እኔ ልንገርዎ፤ ያተምኩት እኔ ነኝ። የሠርጉን ካርድ፣ ሙሽራዋ ተትታ እናቷ የተዳረችበትን፣ ደገምነው። የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ ደገምነው። የቱሉ ዲምቱውን የትምህርት ቤት መጽሔት ደገምነው። ያ ሁሉ ወረቀት የማን ነው? አንቀጽ ሃያ ሦስት የጋዜጣ ገጽ ስለሚል የውጭ ሥራ ለእነዚህ ሰዎች አይሄድም።»

«ይሂድላቸው» አለ ቀናው። «ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናነባለን።»

«በምን ሰዓት ጋሼ? ጋዜጣው ራሱ አፍና አፍንጫችሁን ይዟችኋል።»

«ቅዳሜ ከሰዓት።» ቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት በኅብረት ስምምነቱ የተገኘ መብት ነበር፤ ያስገኘውም እሱ ነው፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት። «የአራሚ ክፍል የቅዳሜ ዕረፍቱን ይተዋል። አንቀጽ ሃያ ሦስት እንደነበረ ይቆያል፤ የውጭ ሥራም ይጨመርበታል።»

«የእኔንም ቅዳሜ ነው እኮ የምትሸጠው» አለች ሥርጉት።

«ታዲያ አትሸጥ በይኝ።»

አላለችም።

ሀብተሚካኤል እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። ወደ ጠበቃው ጠጋ ብሎ በጆሮው ተነጋገሩ። ጠበቃው ለአንድ ዓመት ብቻ ይሁን አለ። መገርሳ ሦስት አለ። ሁለት ላይ ተገናኙ። ሀብተሚካኤል አዲሱን አንቀጽ በእጁ ጽፎ ጨረሰና ለሥርጉት አሳለፈላት።

«አንብቢልኝ እትዬ። ሁለታችሁም።»

አነበበችለት። ቀናው ተከተለ። አንድ ሰረዝ ጎድሎ ነበር፤ አስገባው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ አስፋልቱ ዳር ቆመው ታክሲ ጠበቁ። ሰርቪሱ ከፊርማው ጋር ቀርቷል። የሚኒባሱ ረዳት «አቃቂ! አቃቂ!» እያለ መጣና ሰው ሞልቶበት ሳይቆም አለፈ።

«ቅዳሜ ልብስ የማጥብበት ቀን ነበር» አለች ሥርጉት።

«እሑድ እጠቢ።»

«እሑድ ሰንበት ነው፤ አሰጋሽ ብትሰማህ ታስወጣሃለች።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «እውነቱን ንገረኝ። እጅህ ባይቀድምህ ኖሮ ዝም ትል ነበር?»

ቀናው አሰበ። አንድ ባጃጅ ቆሞላቸው ሲያልፋቸውም እያሰበ ነበር።

«እል ነበር» አለ።

«አትልም።»

«እል ነበር እኮ ነው የምልሽ። ከዚያ አንቺ ራስሽ ልዩነቱን አይተሽ ትናገሪ ነበር።»

ሥርጉት ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች። ቀጣዩ ሚኒባስ ሁለት ባዶ ቦታ ነበረው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ተለያይተው ተቀመጡ። አቃቂ ሲደርሱ ቀናው ሊወርድ ተነሳና በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ የሁለቱንም ከፍያለሁ አላት። እሷም ከኋላ ሆና፣ እሷም የሁለቱን እንደከፈለች ጮኻ ነገረችው። ረዳቱ የአራት ሰው ሂሳብ እንደያዘ ወደ ውጭ አየ።

«ማንም አልቆጠረኝም ብለህ ነው? መልስ!» አሉት ሁለቱ እኩል።